ላይቩን ብትሰማው!

ሰሞኑን አንድ ዘፈን ከጫፍ እስከ ጫፍ መስማት አቅቶኛል። ጆሮዬ ደህና ነው። መብራትም አልጠፋም፤ ጠፍቶ ቢሆንማ ቢያንስ የማማው ነገር አገኝ ነበር። ያስቸገረኝ ሰው ነው። ያውም የምወደው፣ ቡና የሚጋብዘኝ ሰው።

ጎንደር ፒያሳ፣ ከጀበና ቡናው ደጃፍ፣ በርጩማ ላይ ተደርድረናል። የባለቡናዋ ስፒከር ሁላችንም የምንወደውን ድምፃዊ አዲስ አልበም ለቀቀው። ክራሩ ገና ነካ ነካ ሲደረግ ወዳጄ ጣቱን ቀሰረ።

«ይሄ ምንም አይደል። ላይቩን ብትሰማው!»

እሺ ብዬ ዝም አልኩ። እሱን ዝም አላስቻለውም። ላይቩ ላይ ሁለተኛው ስንኝ እንዴት እየረዘመ እንደሚሄድ ነገረኝ። ነግሮኝም አልበቃው፤ አሳየኝ። በገዛ ድምፁ። ድምፃዊው በስፒከር፣ እሱ በቀኝ ጆሮዬ። እሱ ስንኙን አስረዝሞ ሲመለስ ዘፈኑ አልቆ ቀጣዩ ገብቷል። ቀጣዩ እንደገባ ጣቱ ተነሳ። «ይሄንንማ ተወው፣ ላይቩን…»

የድምፃዊውን ስም አልጠራም። ጎንደር ላይ የድምፃዊ ስም መጥራት የዋዛ ነገር አይደለም። «እገሌ ጎበዝ ነው» ካልክ ወዲያው «ከማን ጋር ሲተያይ?» የሚል አይጠፋም። አቦሉ ላይ የተነሳ ክርክር ቶናውን ይሻገራል። በረካው ሲቀዳ ስለ ጥላሁን ገሠሠ እያወራህ ራስህን ታገኘዋለህ። ጥላሁን ላይ ሲደረስ ግን ሁሉም ያርፋል። «እሱማ ሌላ ነው» ይባልና ይታለፋል። አገር ሙሉ የተስማማበት አንድ ነጥብ ቢኖር ይሄ ሳይሆን አይቀርም፤ እሱም ለክርክር ስለማይመች ብዙ አይወራበትም።

ደግሞ ይሄ ስንት የተባለለት ላይቭ ምን እንደሆነ ልንገራችሁ። በስልክ የተቀዳ ነው። ወዳጄ ኮንሰርቱ ላይ አልነበረም። የአጎቱ ልጅ ጓደኛ ነበር። እሱ ቀዳው፣ በቴሌግራም ላከው፣ ከእጅ ወደ እጅ ሲል እዚህ በረንዳ ደረሰ። ስልኩን ጆሮዬ ላይ ለጠፈልኝ። መጀመሪያ የሚሰማው የቀጂው ድምፅ ነው። «ገባ! ኧረ ገባ!» ይላል። ቀጥሎ እልልታ። ቀጥሎ አንዱ ጓደኛውን ይጣራል፤ «አንተ! ውሃ ይዘህ ና!» ድምፃዊው ጉድጓድ የገባ ሰው ይመስል ከሩቅ፣ ከጥልቅ ይሰማል። ምስሉ ላይ የሚታየው የአንድ የማናውቀው ሰው ማጅራት ነው።

«እዚህ ጋ ስማው! እዚህ ጋ ነፍሱን ነው የሰጠው!»

ማን? እኔ እስከተሰማኝ ድረስ ነፍሱን የሰጠው ውሃ የተጠማው ልጅ ነው።

ይሄን ብዬ ተነስቼ ባጃጅ ያዝኩ፤ ወደ ማራኪ። ባለባጃጁ ምን ከፍቷል? ያንኑ ቅጂ። ያው እልልታ፣ ያው ውሃ። «ወንድሜ፣ አልበሙ የለህም?» ብለው በመስታወቱ አየኝ። በሐዘኔታ። «አልበሙን ማንም ያለው ነገር ነው» አለኝ።

እንግዲህ ከተማችን በዜማ ጉዳይ ለሁለት መከፈል አዲሷ አይደለም። በቤተ ክህነቱ የአቋቋም ትምህርት፣ ማለትም ዜማው በመቋሚያና በጸናጽል በሚሸበሸብበት፣ «ላይ ቤት» እና «ታች ቤት» የሚባል ስልት አለ። የጎንደር በዓታ ቤተ ክርስቲያንም በአቋቋም ምስክርነቷ ስሟ የታወቀ ነው። እዚያ ግን ሰው መቋሚያና ጸናጽል ይዞ ዓመታት ይቆማል፣ ይጾማል፣ ይቀጽላል፣ ከዚያ በኋላ ነው «የኔ ስልት ይሄ ነው» የሚለው። የኛዎቹ ላይቭ ቤትና አልበም ቤት ናቸው። ትምህርቱ አንድ ማኪያቶ ይፈጃል። ምስክርነቱም እዚያው ይሰጣል።

የኳስ ደጋፊ ሺህ ጊዜ ይሻላል። የፋሲል ከነማ ሰው ሲከራከር ቢያንስ የሚቆጠር ነገር አለው። «በ2013 ዓ.ም. ዋንጫውን ማን በላ?» ይልሃል፤ አለቀ፣ ደቀቀ። ሙዚቃ ላይ ግብ የለ፣ ዳኛ የለ፣ ሰዓት የለ። የሚያፏጭ የለም እንጂ ቢኖር ኖሮ የኛ በረንዳ ላይ ቀይ ካርድ ያላየ አንድም ሰው አይተርፍም ነበር።

የአልበም ቤት ሰዎችም ያው ናቸው፣ አይሻሉም። አለቃቸው አንድ ጡረታ የወጡ መምህር ናቸው። የማከብራቸው ሰው ናቸው፤ ቢሆንም ይሄን ከመጻፍ አልመለስም። እሳቸው አልበም ሲወጣ መጀመሪያ የሚሰሙት ዘፈኑን አይደለም። ግጥሙ የማን፣ ዜማው የማን፣ ቅንብሩ የማን እንደሆነ ይጠይቃሉ። ከዚያ ሕዝቡ የወደደውን ዘፈን ይንቃሉ። «እሱ ለሠርግ ነው» ይላሉ። እሳቸው የሚወዱት ሁሌም ሰው ሁሉ ዘሎት የሚያልፈውን ነው። ሰባተኛ፣ ስምንተኛ ላይ ያለውን። ሌላ ሰው ያንን ሰባተኛውን መውደድ ከጀመረ ወደ ዘጠነኛው ይሰደዳሉ።

«ይሄ ባቲ ነው» አሉ አንድ ቀን፣ ዓይናቸውን ጨፍነው።

«አይ ጋሼ፣ አምባሰል ነው» አለ አንዱ ተማሪ።

ትዝታ፣ ባቲ፣ አምባሰል፣ አንቺ ሆዬ። አራት ቅኝት ነው ያለን። አራት! ከአራቱ አንዱን በግምት ብትናገር እንኳ ከአራት አንዴ ይሳካልሃል። እነሱ ግን ግማሽ ቀን ፈጀባቸው። በመሃል ላይቭ ቤቱ ጣልቃ ገባ። «ባቲም ይሁን አምባሰል፣ ጋሼ፣ አንቱ ካሴት ላይ ቀርተዋል። መድረክ ላይ ቅኝቱን ራሱ ይቀይረዋል!» አለ። መምህሩ ዓይናቸውን ገለጡ። እንደዚያ ሲያዩኝ ተማሪ ሆኜ ቢሆን ደብተሬን እዘጋ ነበር።

ሁለቱንም ቤቶች ግራ ያጋባቻቸው አስቴር አወቀ ናት። አስቴር የጎንደር ልጅ ናት፤ እዚሁ ነው የተወለደችው። ያደገችው አዲስ አበባ ነው፤ ይሄ ሁለተኛው ነገር ግን እዚህ ከተማ ጮክ ተብሎ አይነገርም። የተወለደችበትን ሰፈር የማያውቅ ጎንደሬ የለም። ችግሩ እያንዳንዱ የሚያውቀው የራሱን ሰፈር መሆኑ ነው። የሁሉንም ብታምን እናቷ ስትመጥ በየሰፈሩ ዞራለች ማለት ነው። እ.ኤ.አ. በ1981 ወደ አሜሪካ ሄደች። በስሟ የተጠራው አልበም በ1989 ወጣ፣ «ካቡ» በ1991። ያኔ አንድም አማርኛ የማያውቅ ፈረንጅ ሰማት። ወዳጄ ይሄን ሁሉ አይክድም። «ግን ላይቩን…» ይላል።

ተማሪው ለካ ያደፈጠው እዚህ ነበር። «የለንደኑስ?» አለ። «ለንደን መድረክ ላይ የተቀዳው አልበሟ?»

ዝም፣ ጭጭ። ላይቭ ነው? አዎ። አልበም ነው? አዎ። መምህሩ ስኒያቸውን አስቀመጡ። ለመጀመሪያ ጊዜ ሁለቱም ቤቶች እኩል ተሸነፉ። ደስ ብሎኝ ልስቅ ስል ወዳጄ ከወደቀበት ተነሳ።

«እሱም ቢሆን እኮ ቅጂ ነው። እዚያው ቆመህ ብትሰማው ነበር!»

እሱ ደግሞ ከባሕር ዳር አልፎ አያውቅም።

እዚያው ቆሞ መስማትማ ካሉ፣ ጎንደር ምን ጎድሏት! ከከተማው አለፍ ብሎ ቡርቧክስ አለ፤ የአዝማሪ አገር። እዚያ ሰው ማሲንቆ ይዞ ነው የሚያድገው። አንዲት ክር፣ እሷም ከፈረስ ጭራ። አንድ ቁርበት የተለበጠ ሣጥን። በዚያች አንዲት ክር ንጉሥ ተሞግሷል፣ ጦር ተሸኝቷል፣ ስስታም ተሰድቧል። አዝማሪ አልበም የለውም። ትናንት ላንተ ያለውን ዛሬ ለሌላው አይልም። ያለውም ካንተ የመጣ ነው፤ «ተቀበል!» ብለህ ስንኝ ትሰጠዋለህ፣ እሱ ይቀበልና አስጊጦ ይመልስልሃል። እንደፈለገው ሰሙን ላንተ፣ ወርቁን ለጎረቤትህ ያደርገዋል። አንተ ስትስቅ ጎረቤትህ የሳቀው ባንተ ላይ መሆኑን ቤትህ ገብተህ ስትተኛ ነው የሚገባህ።

አዝማሪዎች እርስ በርስ የሚነጋገሩበት የራሳቸው የሙያ ቋንቋም አላቸው። እኛ ፊት ቆመው ስለኛ ያወራሉ፤ እኛ ፈገግ እንላለን። ማን እንደሚሰጥ፣ ማን እንደማይሰጥ እዚያው ይመካከራሉ ብዬ እጠረጥራለሁ። ጥርጣሬዬ ያለ ምክንያት አይደለም። አንድ ዘመዳችን ሠርግ ላይ አዲስ ጋቢ ደርቦ መጣ። ጥለቱ እስከ በሩ ያበራል። አዝማሪው አሞገሰው፣ ዘሩን ቆጠረለት፣ ፈረስ ላይ አወጣው። ዘመዳችን ራሱን እየነቀነቀ ሰማ። ራሱን ብቻ። እጁ ከጋቢው አልወጣም። አዝማሪው ሁለት ዙር ጠበቀ። ከዚያ ማሲንቆውን ዝቅ አድርጎ፣

«ጋቢው ፅድት ያለ፣ ጥለቱ ያማረ፣
ኪሱ ሲጠራማ ጌታው ተሰወረ!»

ድንኳኑ ተናጋ። ያ ሰው እስከ ዛሬ ጋቢ ለብሶ ድግስ አይሄድም። ታዲያ ይሄን ማን ቀዳው? ማንም። ሁሉም ግን በቃሉ ይዞታል። ዘመዳችን ብቻ ነው የረሳው፤ ወይም ረሳሁ የሚለው።

ምን እያልኩ ነበር? አዎ፣ አልበም። አልበም ራሱ እንዴት እንደመጣ የሚጠይቅ የለም እንጂ ቢጠየቅ ኖሮ ግማሹ ክርክር ባልነበረ። በንጉሡ ዘመን ሸክላ የማሳተም መብት የሀገር ፍቅር ማኅበር ብቻ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1969 አምሃ እሸቴ የሚባል ወጣት ያንን ክልከላ ጥሶ በራሱ ስም ሸክላ ማሳተም ጀመረ። እነዚያ ትንንሽ ሸክላዎች በአንድ ገጻቸው የሚይዙት ከሦስት እስከ አምስት ደቂቃ ነው። ሌሊት ክበብ ውስጥ ሩብ ሰዓት የሚወዛወዝበት ዘፈን እዚያች ላይ ለመግባት መቆረጥ ነበረበት። መምህራችን «ቁጥብነቱ ነው ውበቱ!» የሚሉለት ነገር ቦታ ጠፍቶ ነው። ይሄን ስነግራቸው ቅር አላቸው። እኔም ትንሽ ቅር ብሎኛል፤ እነዚያን ሸክላዎች እወዳቸዋለሁ።

ላይቭ ቤቱም አይኩራራ። በደርግ ዘመን ሰዓት እላፊ ነበር። ማታ ሙዚቃ ሊሰማ የገባ ሰው ሰዓቱ ካለፈ ወደ ቤቱ መሄድ አይችልም። ስለዚህ ባንዱ እስኪነጋ ይጫወታል፣ ሰውም እስኪነጋ ይጨፍራል። የዛሬ ሰዎች «ድሮ እኮ ሕዝቡ ሙዚቃ ሲወድ እስከ ንጋት ነበር» ይላሉ። ወዶ ነው? በሩ ላይ ወታደር ቆሞ ነው! እኔም ወታደር ቢቆምብኝ እስኪነጋ እስክስታ እወርዳለሁ።

ሸክላው ሄደ፣ ካሴት መጣ። ካሴት ስል ግን ደሜ ይፈላል። ይሄን ታሪክ ላላነሳው ነበር። ነገርን ነገር ያነሳዋል።

ካሴት ያላየ ወጣት ካለ ልንገረው። ሁለት ገጽ አለው። ስልሳ ደቂቃው በግማሽ በግማሽ ይካፈላል። የምትወደው ዘፈን ሁልጊዜ የሌላኛው ገጽ መሃል ላይ ነው። ክሩ ሲላላ በእስክሪብቶ ይጠቀለላል። ባትሪ እንዳይጨርስ ወደ ኋላ የምትመልሰው በማጫወቻው ሳይሆን በእጅህ ነው። የሽፋኑን ወረቀት ታጥፎ ታጥፎ እስኪቀደድ ድረስ ታነበዋለህ። እኔም አንድ ካሴት ነበረኝ። ገንዘቡን እንዴት እንዳጠራቀምኩት እናቴ ታውቃለች፤ ስኳር ልግዛ ተብዬ ስንት ጊዜ ሱቅ እንደተላክሁ እንጂ ስንት ስኳር እንደመጣ አትጠይቁኝ። ያንን ካሴት አንድ የክፍል ጓደኛዬ ተዋሰኝ። «ለሁለት ቀን» አለ። እናቱን ምሎ።

ብዙ ከቆየ በኋላ መለሰው። ከፈትኩት። ሦስተኛው ዘፈን ላይ ድምፃዊው «ያንቺ ነገር…» ብሎ ሊቀጥል ሲል፣ ቀጭ የሚል ድምፅ። ከዚያ የጓደኛዬ ታናሽ ወንድም። «ሄሎ፣ ሄሎ፣ ፈተሻ፣ አንድ ሁለት» ይላል። ዶሮ ይጮሃል። አክስታቸው «ያንን ነገር ዝጋው!» ትላለች። ቀጭ። ዘፈኑ ከመጨረሻው ስንኝ ይቀጥላል። ያ ዘፈን ለኔ እስከ ዛሬ መሃሉ ላይ ዶሮ አለው። ሌላ ቦታ ሙሉውን ስሰማ እንኳ ዶሮዋን እጠብቃለሁ።

እጄ ላይ እንዲህ ተበላሽቶ ሲመጣ ምን አለኝ? «መሃሉ ብቻ እኮ ነው» አለ። ይባስ ብሎ በሳምንቱ መልሶ ተዋሰው፤ «ወንድሜ የቀዳውን ላጥፋልህ» ብሎ። ሰጠሁት። እንግዲህ ያን ጊዜ እንደሄደ ነው።

እንዲህ ዓይነት ነገር ሲገጥመኝ የምጠራት ተረት አለችኝ። «ካነጋገር ይፈረዳል፣ ካያያዝ ይቀደዳል።» ይቺን ተረት እንደ ንብረቴ ነው የማያት። አያቴ ጠዋት ትላታለች፣ ማታ ትላታለች። ለጠላ ማሰሮ ትላታለች፣ ለአማቷ ትላታለች፣ ፍርድ ቤት ውሎ ለተመለሰ ጎረቤት ትላታለች። ከሁለት አንዱ ግማሽ ሁሌም ይሠራል። የተናገረ ሰው ከሆነ የመጀመሪያው፣ የያዘ ሰው ከሆነ ሁለተኛው። የኔ የክፍል ጓደኛ ግን ሁለቱንም አንድ ላይ የሠራ ብቸኛ ሰው ነው። አያያዙን ካሴቴ ይመስክር። አነጋገሩን ደግሞ እናንተም ሰምታችሁታል።

አዎ፣ ያው ነው። «ላይቩን ብትሰማው» ባዩ።

የኔን አልበም መሃሉን ዶሮ አስበልቶ፣ ቀሪውንም ይዞ ጠፍቶ፣ ዛሬ በርጩማ ስቦ «አልበም ምንም አይደል» ይለኛል። እንዴት ይሁን! አልበም እንዳይኖረኝ ያደረገኝ ሰው ነው እኮ። ቡናዬን ሊከፍልልኝ ሲል ደግሞ እምቢ እላለሁ፤ በቡና የሚካካስ ነገር አይደለም። አንዳንዴ ይረሳኝና እሺ እላለሁ።

ኮንሰርት እጠላለሁ ማለቴ እንዳይመስል። ሄጃለሁ። ወረቀቱ ላይ በሩ ከሰዓት 10 ሰዓት ይከፈታል ይላል። የሚያውቅ ሰው ማታ 2 ሰዓት ይሄዳል፤ እኔ 10 ሰዓት ሄድኩ። ፀሐይዋ ከተራራው ኋላ እስክትገባ መድረኩ ላይ ሽቦ የሚጎትት ሰው አየሁ። «ቼክ፣ ቼክ፣ ዋን፣ ቱ» ሲል የክፍል ጓደኛዬ ወንድም ትዝ አለኝ። ከዚያ መድረክ መሪው ወጣ። ይሄ ሰው አንድ ሥራ ነው ያለው፤ ጎንደር እንዴት እንደሆነች መጠየቅ። «ጎንደር እንዴት ናችሁ?» ደህና ነን አልን። «አልሰማሁም!» ደህና ነን አልን። «አሁንም አልሰማሁም!» ታዲያ ካልሰማህ ማይኩን ለሚሰማ ስጠው። እንዲህ ሲል አንድ ሰዓት ሄደ።

ድምፃዊው ሲወጣ ግን እውነቱን ልናገር፣ ፀጉሬ ቆመ። ባንዱ ሙሉ ነው። ሳክስፎኑ ከበሮውን ሲከተል መሬቱ እግሬ ሥር ተንቀሳቀሰ። የመጀመሪያውን ስንኝ ጀመረ። አቤት ድምፅ! ሁለተኛው ላይ ሲደርስ ማይኩን ወደኛ አዞረ።

እኛ ዘፈንን።

ሦስተኛውን እሱ ጀመረ። አዝማቹ ሲመጣ ማይኩ ወደኛ ዞረ። እኛ ዘፈንን። ከጎኔ ያለው ልጅ በሙሉ ኃይሉ፣ ከቅኝት ውጪ፣ ጆሮዬ ውስጥ ይዘፍናል። ከኋላዬ ያለችው ልጅ ቃሉን አታውቀውም፤ የሚመስላትን ትላለች። ድምፃዊው እጁን ደረቱ ላይ አድርጎ፣ ዓይኑን ጨፍኖ ይሰማናል። እንግዲህ ማን ነው ለማን የከፈለው? እኔ ስዘፍን ሰምቼ አውቃለሁ፤ ገላዬን ስታጠብ በነፃ ነው። ገንዘቤን የከፈልኩት እሱን ልሰማ ነው። ታሪክ የለወጠው ስንኝ፣ ያ ወዳጄ እያስረዘመ የሚያሳየኝ፣ እሱ ላይ ሲደረስ ማን ዘፈነው? የማላውቀው የዩኒቨርሲቲ ተማሪ።

በነጋታው በረንዳው ላይ ምን ተባለ? «ትናንት ሕዝቡ ነው የዘፈነው! ድምፃዊው አልቅሷል!» ባለቅስም አይገርመኝ። ዘፈኑን ሲያበላሹበት ያየ ሰው ምን ያድርግ።

ደግሞ ስልኩ! ፊቴ ያለው ሰው ሁሉ እጁን አንስቷል። ድምፃዊውን የማየው በሰው ስልክ መስታወት ነው፤ አሥር ትንንሽ ድምፃውያን፣ አንዱም ሙሉ አይደለም። አንዱን «ወንድሜ፣ እጅህን ዝቅ አድርግልኝ» አልኩት። «ቆይ፣ ላይቩን እየቀዳሁ ነው» አለኝ። ለማን? በማግስቱ ለማይሰማው ሰው። እውነት ለመናገር እዚህ ላይ ቀልዱ ያልቅብኛል። ሰው ከፊትህ ቆሞ እየዘፈነልህ ጀርባ መስጠት ነው ይሄ። አዝማሪ ፊት ስልክ የሚያነሳ ሰው ቢኖር፣ አዝማሪው ለልጅ ልጁ የሚተርፍ ስንኝ ይተውለት ነበር። የዛሬ ድምፃዊ ደግሞ «እወዳችኋለሁ» ብሎ ያልፋል። ትዕግሥቱ ለኔ አልገባኝም።

ባለቡናዋ ግን ታውቅበታለች። እሷ ሁሉንም ዘፈን ታውቃለች፤ ቡናውን ስትቆላ፣ ስትወቅጥ፣ ስትቀዳ ሙሉውን ሰምታዋለች። ሥራ ላይ ስላለች የሚያስረዳት የለም። ባለፈው ክርክሩ ሲጋጋል፣ መምህሩ «ቅንብሩ» ሲሉ፣ ወዳጄ «መድረኩ» ሲል፣ ስፒከሩን ጠቅ አድርጋ አጠፋችው። ማንም አላስተዋለም። ክርክሩ ቀጠለ። ዘፈኑ መጥፋቱን ያወቁት ሒሳቡ ሲመጣ ነው።

«አንቺ፣ ለምን ዘጋሽው?» አላት ወዳጄ።

«ትሰሙት ነበር እንዴ?» አለች፣ ስኒውን እየሰበሰበች።

አሁን ደግሞ አዲስ ወሬ አለ። ድምፃዊው ለጥምቀት ሰሞን ይመጣል ይባላል። ማን እንዳለ አይታወቅም፤ ሁሉም ከታማኝ ምንጭ ነው የሰማው። በጥምቀት ዋዜማ ማታ ጥምቀተ ባሕሩ ዙሪያ ወጣቱ በከበሮ ብቻ እስኪነጋ ሲጨፍር ማደሩ ለነዚህ ሰዎች ላይቭ አይደለም፤ ማይክ የለውማ። ለማንኛውም ወዳጄ ደወለልኝ። ትኬቱን ቀድሜ እንድገዛለት ይለምነኛል። ለኔ ለአልበሙ ሰው!

አንድ ነገር ብቻ አልኩት። «ካሴቴን መልስ፣ ትኬቱን እገዛልሃለሁ።»

ሳቀ። «አንተ ደግሞ! በዚህ ዘመን ማን ካሴት ይሰማል? ማጫወቻውስ አለህ?»

ማጫወቻ የለኝም። እሱ ሌላ ጉዳይ ነው። ካሴቱ ግን የኔ ነው፣ ከነዶሮው።